ሦስተኛው ፕሮክሲ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2
ቢቸና። የምሠራው የሕመምተኞች ቀጠሮ ፕሮግራም ዛሬም ከጤና ኬላዎቹ መረጃ አልቀበል አለ። መላው ጠፋኝ... ኮምፒውተሬ ላይ ሁለት ፕሮክሲ፣ መሐል ገብቶ መልእክት የሚያቀባብል ፕሮግራም፣ አያያዝኩ። አንደኛው የሚያልፈውን ሁሉ ከፍቶ ያሳየኛል፣ ከዚያ ለሁለተኛው ያቀብላል። ሁለተኛው ኔትወርኩን እንደ ገጠሩ አዘግይቶ ወደ ውጭ ይለቃል። ባልደረባዬ ቢሆነኝ ከጎኔ ጠረጴዛ አንገቱን አስግጎ፣ «አንቺ፣ ለአንድ በር ሁለት ዘበኛ ምን ይሠራል?»
«አንዱ ይፈትሻል፣ አንዱ ያጉላላል። እንደ መሥሪያ ቤታችን!»
ከስልኬም እንድሞክር በቢሮው ዋይፋይ ላሉ ሁሉ ከፈትኩት። ፓስወርዱ የክርስትና ስሜ። ማን ያውቀዋል ብዬ!

ረቡዕ፣ ኅዳር 3
ስህተቱን አገኘሁት፣ እሰይ! ግን... ሁለተኛው ፕሮክሲ ለሦስተኛ ያቀብላል። የማላውቀው አድራሻ። እኔ ያያያዝኩት ሁለት አይደለም እንዴ? አጠፋሁት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4
ተመልሶ ገብቷል። በፓስወርዱ ነው የገባው።
የክርስትና ስሜን ማን ያውቃል? እናቴ። የንስሐ አባቴ። እና... ዓለምነህ። ሞጣ በቁርባን ስንጋባ ቄሱ ሲጠሩኝ ሰምቷል። ፕሮክሲ ማያያዝ ያስተማረኝም እሱ ነው። እጄን ሰብሮ፣ «መሬት ብትገቢ አወጣሻለሁ» ሲለኝ ጥዬው ጠፋሁ። እዚህ መሆኔን አያውቅም ብዬ ነበር።
የፕሮክሲው ሴቲንግ የሚከፈተው በቢሮው ዋይፋይ ብቻ ነው፣ እሱም ከአጥራችን አያልፍም። እንግዲያ ሞጣ አይደለም ያለው። እዚሁ ነው፣ አጥራችን ሥር። ወይኔ አምላኬ!

ዓርብ፣ ኅዳር 5
ፈራሁ። ሽንት ቤት እንኳ ቢሆነኝን አስከትዬ ሄድኩ።
እሱ መሆኑን ግን እንዴት ልወቅ? ሦስተኛውን አልነካሁትም። የፕሮግራሙ መሞከሪያ ገጽ ቁልፍ የለውም፣ የሚያልፍበት ፕሮክሲ ሁሉ ያነበዋል። እዚያ ላይ፣ «ሰኞ ጠዋት ደብረ ወርቅ እወርዳለሁ፣ መናኸሪያ ጠብቂኝ» ብዬ ጻፍኩ። ተቀባይ የለውም፤ ብቻ እዚያ መናኸሪያ እሱን የምታውቅ ልጅ አለች፣ ብታየው ትደውልልኛለች። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ሰኞ፣ ኅዳር 8
ደብረ ወርቅ መናኸሪያ ትኬት የምትቆርጠው አምሳለች ደወለች። የሞጣ ልጅ ናት፣ ታውቀዋለች። «ስርጉቴ፣ ያ ሰውዬሽ እዚህ ምን ይሠራል? የምትወርደውን ሴት ሁሉ ፊት ፊቷን ያያል።»
እሱ ነው! እንባዬ መጣ፣ ከዚያ ደግሞ ንዴቱ። ለቢሆነኝ ሁሉን ነገርኩት። «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» ብሎ እጄን ይዞ ፖሊስ ጣቢያ ወሰደኝ።
ሳጅን ፈንታነሽ ሰምተው ሲጨርሱ፣ «እስክንደርስ ከዚያ ይሄዳል። ቀጥሎ የት እንደሚቆም በምን እናውቃለን?» አሉኝ።
«የት እንደሚቆም እኔ እነግረዋለሁ» ብዬ ቢሮ ድረስ ይዣቸው መጣሁ። ከኋላዬ እንደቆሙ በዚያው መሞከሪያ ገጽ ላይ ጻፍኩ፦ «ደብረ ወርቅ ቀርቷል። ነገ ረፋድ የጁቤ መናኸሪያ ነኝ። ብቻዬን ነኝ።»
ላክሁት።