ከኋላዬ የተቀመጠው

ለልጄ ለሊየን፤

የባሕር ማዶው ብርድ እንዴት ይዞሻል? ያ ሳልሽ ለቀቀሽ ወይ? ባልሽ ቪንስ፣ ትንሿ ሃኛስ እንዴት ናቸው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። እጄ ለመጻፍ ይዘገያልና ታገሺኝ።

አጎትሽ ኪየም "እናትሽ አብዳለች፤ በወንድምሽ ብስክሌት ብቻዋን ጠፋች" ብሎ እንደ ደወለልሽ ሰምቻለሁ። አልጠፋሁም። የወንድምሽ የቶዋይ ጀልባ ሰጥማ ሬሳው ስላልተገኘ፣ አጎትሽ ነፍሱ እንድታርፍበት በጭቃ አምሳሉን ሠርተን፣ የእንጆሪ እንጨት አጥንት አድርገንለት እንቅበረው ይለኛል። አንቺም "እሺ በይው እማዬ" ብለሽኛል። እኔ ግን ባሕር የተፋውን ሰው ያገኘው መንደር እንደ ራሱ ወገን እንደሚቀብረው ስለማውቅ፣ ጭቃ ከመቅበሬ በፊት ልፈልገው ብዬ ወጣሁ።

ባሕሩን በግራዬ አድርጌ ወደ ደቡብ ነዳሁ። ውሃው እንደዚያ አምሮ አያውቅም። ዐይኔን ሲያሳርፈው ጊዜ ተናደድሁበት። በየመንደሩ መረብ የሚጠግኑትን ሴቶች ብጠይቅ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሳ ሁዊን ስደርስ ግን እማማ ቴም የሚባሉ አሮጊት ጨው ሲሰበስቡ አገኘሁ። "አንድ ጎልማሳ ማዕበል አውጥቶልኛል" አሉኝ። መልኩን ብጠይቃቸው "ዓሣ መልክ ይተዋል እንዴ?" ብለው ተቆጡ። ወደ ቀበሩበት ወሰዱኝ፤ መቃብሩ ተጠርጎ፣ ሩዝና ሲጋራ ቀርቦለታል። "የኔ ነው!" ብዬ ተደፋሁ። እማማ ቴም ሳቅ አሉና "ካንቺ በፊት ሁለት እናቶች መጥተው ይኸንኑ ብለዋል። እኔን ጨምረሽ አራት እናት አለው፤ ምን ጎደለበት! አጥንቱን ለማንም አልሰጥም። ያንቺ ከሆነ ነፍሱን ጥሪና ይዘሽ ሂጂ" አሉኝ።

ስሙን ጠራሁት። ብስክሌቱን ሳነሣ የኋላ መቀመጫው ከበደኝ፤ ልጅ ሳለ ገበያ ሳመላልሰው እንደሚከብደኝ። ዞሮ ማየት አይገባምና አላየሁም። መታጠፊያውን ሁሉ እየነገርሁት ነዳሁ። ድልድዩ ላይ ግን የጭነት መኪና አስደንግጦኝ፣ ምንም ሳልለው ተሻገርሁ። ማዶ ስደርስ ብስክሌቱ እንደ ላባ ቀለለ። ወይኔ ልጄን! ሟች ያልነገሩትን ውሃ አይሻገርም፤ ይህን ያህል ኖሬ እንዴት ረሳሁት?

ተመለስሁ። ድልድዩ ጫፍ ቆሜ "ና፣ የዘነጋችህ እናትህ ናት" እያልሁ ተጣራሁ። አንድ ሞተረኛ ቆመና "እማማ፣ ማንን ነው የሚጠብቁት?" አለኝ። "ልጄን፤ አንተ እለፍ" አልሁት። ዙሪያውን ቢያይ ሰው የለም፤ ገባውና ቆቡን አውልቆ ቀስ ብሎ አለፈ። ቆይቶ መቀመጫው ከበደ። "ድልድይ ነው ልጄ፣ ያዘኝ" እያልሁ ተሻገርሁ። ከዚያ በኋላ አንድም ድልድይ አልረሳሁም።

ብስክሌቱ አሁን በረንዳው ላይ ቆሟል። ማንም አይነካውም፤ የኋላ ጎማውን ግን ማታ ነፍቼው ጠዋት ተንፍሶ አገኘዋለሁ። ማቆየቱ ግፍ ነው፤ ለአጎትሽ ጭቃውን አቡካ ብዬዋለሁ። ፊቱን የምሠራው እኔ ነኝ። ነገ እንቀብረዋለን።

ቪንን ሰላም በይልኝ። ሃኛን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። አጎትሽ ኪየምና ሚስቱ ሰላም ብለውሻል። ወንድምሽም ከበረንዳው ሰላም ይልሻል፤ እስከ ነገ።

እናትሽ
ከቢን ቻው፣ በሁለተኛው የጨረቃ ወር ማለቂያ