በአንጮቴ የታፈነ መርዶ

ውድ ድርቤ፣

ይቅርታሽ ደርሶኛል። ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሼ ልኬልሻለሁ፤ እዚህ ማስቀመጫ ቦታ የለኝም።

«ስላስጨነቅኳችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ እናቴ ሁለተኛ እንዲህ እንድትሆን ስለማልፈልግ ጠቅልዬ እመጣለሁ» ብለሽ የጻፍሽውን ሱቄ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። ምድር ተንቀጠቀጠ፣ ባሕር ከአልጋው ተነሥቶ ከተማ ገባ፣ ይቅርታ ጠያቂዋ ግን አንቺ ሆንሽ። ጃፓኖቹ ትሕትና አስተምረውሻል ማለት ነው። ነቀምቴ ሳለሽ የሰው እግር ረግጠሽ «እግርሽን ምን እዚህ አስቀመጠው?» የምትዪ ሰው ነበርሽ።

በአማርኛ የምጽፍልሽ በምክንያት ነው። በኦሮምኛ ከጀመርኩ ገና ሰላምታው ሳያልቅ እንሳሳቃለን፤ እኔ ደግሞ ለጊዜው መሳቅ አልፈልግም። ሻንጣሽን ከመዝጋትሽ በፊት እናትሽ በእነዚያ ቀናት ምን እንደሆነች ካየ ሰው መስማት አለብሽ። ኦቦ ፈየራ ደውለው «እናትሽ በሐዘን ተሰብራ ከረመች፤ ልጅ ከሆንሽ ነይ» እንዳሉሽ ሰምቻለሁ። የእድር ሊቀመንበር ናቸው፤ ስለ ሐዘን ሲናገሩ ሰው ያምናቸዋል። ግን አንጮቴውን እንዳልነገሩሽ እርግጠኛ ነኝ።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ወሬውን የሰማሁት ከጫንያለው ነው። ጫንያለውን አታውቂውም፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ከኪራሙ ተፈናቅሎ መጥቶ ከሱቄ ደጃፍ የስፌት መኪናውን የዘረጋ ልብስ ሰፊ ነው። ከእኔ ጨርቅ ይገዛሉ፣ እሱ ይሰፋዋል፣ በመካከሉ ዓለምን እንተቻለን። ያን ዕለት ጠዋት ሱሪ እያሳጠረ ስልኩን አቀበለኝና «ጓደኛሽ ያለችው ይኼ አገር አይደለም?» አለኝ። አንዲት ዜና አንባቢ በጃፓንኛ ትጮሃለች። ቋንቋውን ባላውቅም ሩጡ እያለች እንደሆነ ገባኝ። እኛ አገር ዜና አንባቢ አይጮህም፤ ምንም ቢነድ ድምፁ የአየር ሁኔታ ዘገባ እንደሚያነብ ሰው ነው። ከስሯ በቀይ የተቀባው የባሕር ዳርቻ አሮጊቶች የምትጦሪበት ቤት ያለበት ያንቺ ዳርቻ ነበር።

ጻፍኩልሽ፤ አልደረሰሽም። ደወልኩ፤ አንዲት ሴት በሚያምር ድምፅ፣ ምናልባትም ይቅርታ እየጠየቀች፣ የሆነ ነገር ነገረችኝና ዘጋችው። በሱቄ ኔትወርክ አልተማመንኩም። ሱቁን ቆልፌ ዋይፋይ ወዳለበት ሆቴል ሄድኩ።

ጥፋት የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። የገበያ ቀን ነበር። በዚህ ከተማ ጉራጌ በገበያ ቀን ሱቁን ዘጋ ማለት ሰው ሞቷል ማለት ነው። አባቴ እንኳ ሲሞት እስከ ቀትር ከፍተናል ተብሎ ይወራል፤ ውሸት ነው፣ ግን ለምን እንደተወራ ይገባኛል። ከሆቴሉ ስመለስ የሱቄ ደጃፍ ላይ የሰፈርሽ ሴቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። የጨለለቂ ሰፈር ሰው ሁሉ የጃፓኑን ወሬ ሰምቷል። «ድርቤስ?» አሉኝ። «ደህና ናት» አልኳቸው።

አየሽ፣ ይህን ማለት አልነበረብኝም። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ለቅርብ ሰው ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ፤ «ደህና ናት፣ ትንሽ አሟት ነው» ይባላል። ሽማግሌ ተሰብስቦ በማለዳ ሄዶ መርዶ እስኪነግር ድረስ አገር ምድሩ አውቆ ይደብቃል። ስለዚህ እኔ «ደህና ናት» ስል እነሱ እርስ በርስ ተያዩ። «ምንም የሰማሁት የለም» አልኩ። አንዷ ጀርባዬን ዳበሰችና «ዋቃዮ ያጽናሽ፣ ጠንካራ ልጅ ነሽ» አለችኝ። በማግሥቱ ጥቁር ሻርፕ ጣል አድርጌ መጣሁ፤ ማስረጃ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ያለኝን በጣም ብርቱካናማ ቀሚስ ለበስኩ። የባሰ ማስረጃ ሆነ፤ ሰው ሐዘኑን ካልደበቀ በቀር እንዲህ ያለ ቀለም ይለብሳል? አሉ። እውነቱን ለመናገር ቀሚሱን በተመለከተ አልተሳሳቱም።

ለእናትሽ ግን ማንም ምንም እንዳይነግር ተስማሙ። የኦቦ ፈየራ ሚስት ራዲዮኗን ተዋሱ። አንዱ በጓሮ ዞሮ የቆጣሪዋን ማብሪያ ዝቅ አደረገና መብራት ጠፋ ተባለ፤ በነቀምቴ ይህን የሚጠራጠር የለም። እናትሽ ሃርሜ ኤቢሴ በየቀኑ ወደ ሱቄ እየመጣች ክር ትገዛ ነበር። ነጭ ክር፣ ከዚያ ሰማያዊ ክር፣ ከዚያ እንደገና ነጭ ክር። በሕይወቷ ስትሰፋ አይቻት አላውቅም። ስለ ዋጋ ውድነት አውርታኝ፣ ፊቴን አይታ ትሄዳለች። እኔም ፊቴን እንደ ሸቀጥ አስተካክዬ እጠብቃታለሁ።

ኦቦ ፈየራ የመርዶውን ቀን እንደቆረጡ የነገረኝም ጫንያለው ነው። በነጋታው ማለዳ እንሄዳለን ማለታቸውን ሱሪ ሊያስጠብብ የመጣ ሽማግሌ ሲያወሩ ሰምቷል። እኔ መድፍ ልተኩስ እንደሆነ ሁሉ ተናደድኩ። ጫንያለው ግን መርፌውን ከአፉ አውጥቶ ቀስ ብሎ ነው የተናገረው።

«እኔ ሞቼ አውቀዋለሁ፣ እታለም» አለኝ። «መሞቱ ምንም አይደል። ከተለቀሰልህ ወዲያ መመለሱ ነው የሚከብደው።»

ከኪራሙ ሲሸሽ ስልኩ ጠፍቶ፣ መስመሩም ተቆርጦ ከርሞ ነበር። ጎጃም ያሉት ዘመዶቹ አለቀ ሲባል ሰምተው አለቀሱ፣ ደረት ደቁ፣ ተዝካሩንም አወጡ። በኋላ ከነቀምቴ ሲደውል አክስቱ አማትባ ዘጋችበት። ደግሞ ሲደውል «ነፍስህን ይማረው፣ አታስቸግረን» አለችው። እስካሁን ድምፁን ሲሰሙ ይሰቀጥጣቸዋል ይላል፤ ሠርግ ሲጠሩት እንኳ ቀስ ብለው ነው። ይህን ሁሉ ሲነግረኝ አልሳቀም፤ እኔ ሳቅኩ፣ ከዚያ ተውኩት።

«አታስለቅሺባት» አለኝና ወደ ሱሪው ተመለሰ።

እንግዲህ በነጋታው ጎህ ሳይቀድ እናትሽ በር ላይ ተገኘሁ፤ ብርቱካናማውን ለብሼ። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዳገቱን ሲወጡ አየኋቸው። የሚያስፈራ ነገር እንደሆነ አልክድም፤ ያ አካሄድ ገና ከሩቅ ሲታይ ሰው ቤት እንባ ይዞ የሚሄድ ነው። የአጥሩን በር በሁለት እጄ ያዝኩ።

ኦቦ ፈየራ «ፋይዛ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ ከመንገድ ገለል በይ» አሉኝ።

ማን ነገራችሁ? አልኳቸው።

«ማንም አልነገረንም። ይኸው ነው እኮ ምልክቱ። በሕይወት ብትኖር ሰው ይነግረን ነበር።»

ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ ለዚህ መልስ የሚሆን አላገኘሁበትም። በሩን ይበልጥ አጥብቄ ያዝኩ። አንዱ ሽማግሌ በእስላም ልጅ ታገድን ብለው አጉረመረሙ። በጴንጤ ልጅም ትታገዱ ነበር፣ ቀድማ ብትነሣ፣ አልኳቸው። ኦቦ ፈየራ ከዘራቸውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወሩ። ሴት ልጅ ገፍተው ይገቡ እንደሆነ ሲያስቡ ከውስጥ የእናትሽ ድምፅ መጣ።

«ኮታ ገላ! ግቡ እንጂ፣ ምን በር ላይ ያቆማችኋል? ቁርስ እየቀዘቀዘ ነው።»

ገባን። ድርቤ፣ ቤቱ በቅቤ ሽታ ታፍኗል። አንጮቴ ቀቅላለች፤ ልጣ፣ አድቅቃ፣ በቅቤና በሚጥሚጣ ለውሳ፣ በትልቁ ገበታ ደርድራ፣ አይብ ከጎን አስቀምጣለች። ለመስቀል የሚቀርበውን ያህል ነው። አንጮቴ በደቂቃ አይደርስም፤ ታውቂያለሽ። እነዚህ ሰዎች እንደሚመጡ ከትናንት ጀምሮ አውቃ ነበር። ያን ጊዜ ክሩም ገባኝ።

ሽማግሌዎቹ ቆመው ቀሩ። ሐዘንተኛ አያስተናግድም፤ ይስተናገዳል። ተቀብላ ያስቀመጠችሽን፣ እጅሽን ያስታጠበችሽን ሴት በምን አፍሽ ልጅሽ ሞታለች ትያታለሽ? ተቀመጡ። ኦቦ ፈየራ ግን የተላኩበትን የሚተዉ ሰው አይደሉም። ጉሮሯቸውን ጠርገው «አዴ ኤቢሴ፣ እንግዲህ ዋቃዮ የሰጠውን…» ሲሉ እናትሽ ጎንበስ ብላ አጎረሰቻቸው። ጉርሻ እንዴት ይመለሳል? አኘኩ፣ ዋጡ። «እኛ ሰዎች ስንባል…» አሉ፤ ደገመቻቸው። የፊተኛው ትንሽ ነበር። በሦስተኛው ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ በሚጥሚጣው ይሁን በሌላ አላወቅኩም። ሌሎቹ ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፍተው በትጋት ይበሉ ነበር፤ የሚናገር አፍ እንደሚጎርስ አይተዋል።

ገበታው ሲነሣ እናትሽ መሐል ቆመች።

«ኦቦ ፈየራ፣ አስከሬን ያየ ሰው አለ?» አለች።

የለም፣ አሉ።

«ራዲዮዬን የተዋሱኝ ሰዎች የራሳቸው ራዲዮ አላቸው። የጎረቤቴ መብራት እየበራ የኔ ብቻ ይጠፋል። አሮጊት ነኝ እንጂ ዕውር አይደለሁም። ልጄ ሥራ ላይ ናት። ስትጨርስ ትደውላለች። አሁን የበላ ይመርቃል።»

የበላ ይመርቃል። ወግ ነው፤ ሳይመርቁ መነሣት አይቻልም፤ ምርቃት ደግሞ ልጆችን ሳይጠራ አያልቅም። ኦቦ ፈየራ እጃቸውን ዘረጉ። ቤቱን መረቁ፣ ከብቱን መረቁ፣ ዝናቡን መረቁ፤ የቻሉትን ያህል በሌላ ነገር ዞሩ። እናትሽ መዳፏን ዘርግታ ትጠብቃለች። በመጨረሻ መውጫ ሲያጡ «ልጅሽን ድርቤን ዋቃዮ ያቆይልሽ፣ ዕድሜ ይስጣት» አሉ፣ ሁሉም «አሜን» አለ፤ ከሁሉ በላይ እናትሽ። የከተማው እድር በአንድ ድምፅ በሕይወት መኖርሽን ወስኖ ጠግቦ ወጣ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ማንም አላየም፤ እኔ ነኝ ያየሁት። በሩን ዘግታ መደቡ ላይ ተቀመጠች። «ፋይዛ ኮ፣ አንቺ ግን አለች ብለሽ ታምኛለሽ?» አለችኝ።

አዎ ልላት ነበር። ስንት ቀን ሙሉ ለአገሩ ስለው የነበረ ቃል ነው። አቃተኝ።

«አላውቅም ሃርሜ» አልኳት። «ግን አልፈቅድም።»

አየችኝ። ራሷን ነቀነቀች፤ ትክክለኛ ዋጋ እንደተጠራላት ገበያተኛ። የተረፈውን አንጮቴ አቅርባልኝ እኔም ጎረስኩ።

የመጀመሪያው መልእክትሽ የመጣው ያን ዕለት ከቀትር በኋላ ነው። መንቀጥቀጡ ሲጀምር አዳሪ አሮጊቶቹን አንድ በአንድ በጀርባችሁ ተሸክማችሁ ኮረብታው ላይ ወዳለው ትምህርት ቤት እንዳወጣችኋቸው፣ መብራትም ስልክም እንዳልነበረ፣ ሁሉም አሮጊቶች እንደተረፉ፣ ይህን ሁሉ በአንድ መስመር ጻፍሽው። የቀረው መስመር ሁሉ ይቅርታ ነበር። ሱቁን ሳልቆልፍ ወደ እናትሽ ሮጥኩ። ጫንያለው ጠበቀልኝ፤ ሁለት ሜትር ፖፕሊንም በቅናሽ ሸጦ ጠበቀኝ።

እንግዲህ «እናቴ እንዲህ እንዳትሆን» ያልሽው ይህ ነው። ከዚህ የተሻለ እንድትሆን የምትፈልጊ ከሆነ ሌላ እናት ፈልጊ፤ እኔ አላውቅም። ከአደጋ ሸሽቶ ወደ ወለጋ የሚመጣ ሰውም በዘመኔ አላየሁም፤ የመጀመሪያዋ ልትሆኚ ከፈለግሽ መንገዱ እስከ የት ክፍት እንደሆነ ጠይቄ እነግርሻለሁ። እናንተ ባሕሩ ሲመጣ ቢያንስ የሚጮህ ዜና አንባቢ አላችሁ።

እንዳትምጪ እያልኩሽ አይደለም። ናፍቀሽኛል። ይህን ቃል ጽፌልሽ አላውቅም፤ ስጽፈው ጓደኛ ሳይሆን ግጥም የምትጽፍ ሰው መሰልኩ፣ ስለዚህ አንዴ ይበቃል። ስትፈልጊ ነይ። ለእረፍት ነይ፣ ለሠርግ ነይ፣ ከኔ ጋር ለመጣላት ነይ። ስለተረፍሽ ይቅርታ ለመጠየቅ ግን በዚህ ደጃፍ አትቁሚ፤ አላስገባሽም።

ይህን ከመዝጋቴ በፊት እናትሽን ምን ልጻፍላት ብዬ ጠየቅኳት። ትንሽ አሰበችና ያወጣሻቸው አሮጊቶች ልጆቻቸው የት እንደሆኑ ጠየቀችኝ። ሩቅ፣ ትልልቅ ከተሞች፣ አልኳት።

«እንግዲያው እዚያው ትሁንላቸው» አለች። «እኔ እግር አለኝ። ባሕሩ ከመጣ ኮረብታውን በራሴ እወጣለሁ።»

ነቀምቴ ባሕር እንደሌላት አልነገርኳትም።

ስለዚህ ድርቤ፣ ሁለተኛ ምድር ከተንቀጠቀጠ መጀመሪያ ሩጪ። የያዝሻትን አሮጊት ይዘሽ ሩጪ፣ ስልክ አትፈልጊ፣ እኛን አታስቢ። ሲመችሽ ጻፊ። ዘገየሽ ብሎ እዚህ የሚቀብርሽ የለም፤ ብትሞቺ እንኳ ከራስሽ አፍ ካልሰማን አናምንም።

ፋይዛ
ነቀምቴ፣ ከገበያው