ቀይዋ ላም ብቻ

ሮስኮመን፣ ሰኞ ሜይ 8 ቀን 2023

ደብሊን ላለችው፣ ለማትታዘዘው ልጄ ለኦርላ፣

እንዴት ሰነበትሽ? መርፌው የገባበት ቦታ እብጠቱ ቀነሰልሽ? ምግብስ ይረጋልሻል? እኔ ደህና ነኝ ልልሽ ነበር፤ ግን ከትናንት ወዲህ ራሴንም አላውቀው። ብዕር ያነሳሁት ልቆጣሽ ነው ወይስ ላመሰግንሽ? እንጃ። በስልክ እንዳልነግርሽ ፊትሽን ሳየው ቃል ይጠፋኛል።

ከሦስት ሳምንት በፊት ጎረቤታችን ፓኪ መጥቶ፣ "የዘንድሮው የትራክተር ሰልፍ ለትምህርት ቤቱ ጣሪያ ነው፤ እንዳትቀር" አለኝ። በየዓመቱ ትራክተራችንን ይዘን ለአንድ ነገር መዋጮ ልንሰበስብ እንሰለፍ የለ? እሺ አልኩት። ቅዳሜ በትምህርት ቤቱ በኩል ሳልፍ ጣሪያውን ቀና ብዬ አየሁት። አንድ የተሰበረ ነገር አጣሁበት። ዓይኔ ነው ብዬ ተውኩት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስልሳ አራት ትራክተር ተሰበሰበ። ፓኪ እየሮጠ መጣ።

"ማላኪ፣ አንተ ከፊት ሁን!"

"እኔ? የኔ እኮ ከሁሉም አሮጌው ነው።"

"ለዚሁ ነው እንጂ! ከኋላ ካስቀመጥንህ ማክሰኞ ነው የምትደርሰው።"

ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ግን መንገድ ዳር የቆመው ሰው እኔን ሲያይ ዓይኑን ይጠርጋል። የትራክተሬ ጭስ መሰለኝና አፈርኩ። ሰልፉ ያበቃበት አዳራሽ በር ላይ ባለሱቋ ብሪጅ የመዋጮውን ባልዲ ይዛ ቆማለች። ሃምሳ ዩሮ ልጥል ስል እጄን ያዘችኝ።

"አንተማ አትስጥ!"

"ለምን? የኔስ ልጅ እዚያ አይደል እንዴ ፊደል የቆጠረችው?" ብዬ ጣልኩት። ባልዲውን ለሌላ ሰው ሰጥታ ወደ ጓዳ ገባች።

ሻይ ጠጥተን ስንጨርስ ፓኪ ወፍራም ፖስታ እጄ ላይ አኖረ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የኦርላ ነው።"

"ጣሪያውስ?"

"ጣሪያው ጠብታ አያስገባም፣ ማላኪ። ቁጭ በል።"

ከዚያ የላክሽላቸውን ደብዳቤ አሳየኝ። አሥር ጊዜ ሳላነበው አልቀርም። "አባቴ ከሰው እጅ ከሚቀበል ትራክተሩን ቢበላ ይመርጣል፤ ለጣሪያው ነው በሉት" ትያለሽ። ይሁን፣ እውነት ነው። "በየቀኑ ላሞቹን አሳየኝ ስለው ያችኑ ቀይ ላም በስልክ ያሳየኛል፤ አንዴ ከግራ፣ አንዴ ከቀኝ። ሌሎቹን ለኔ ክፍል ኪራይ ሸጧቸዋል" ትያለሽ። እኔ እኮ የማታውቂ መስሎኝ! ያን ቀን ጅራቷን ብቻ አሳይቼ "ጥቁሯ ናት" ያልኩሽ ትዝ ሲለኝ ፊቴ ይቃጠላል። በሃያ ሁለት ዓመትሽ አባትሽን ታጃጅያለሽ?

ባለፈው ወር ቀጠሮ ያስቀረሽው "ደክሞኝ ነው" ብለሽ ነበር። ለካ ለእነሱ እንደጻፍሽው ላም እንዳልሸጥ ብለሽ ሕክምናውን ትተሽ ልትመጪ ኖሯል። ሕክምናውን መንግሥት ይችለዋል፤ ክፍሉና መንገዱ ነው የበላን። ቢበላንስ? አንቺ ስለ ካንሰርሽ አስቢ፣ ስለ ላም እኔ አስባለሁ። ሁለተኛ እንዲህ እንዳታስፈራሪኝ።

ዛሬ ዳቦ ልገዛ ስወጣ አንገቴን ልድፋ ወይስ ቀና ልበል፣ ጠፋኝ። ብሪጅ አይታኝ፣ "ምን ሆነሃል? ባሌ የታመመ ጊዜ አንተስ ትራክተርህን ይዘህ አልወጣህም?" አለችኝ። ረስቼው ነበር። ዳቦውንም ረስቼ ተመለስኩ።

ገንዘቡ ለቀሩት ሦስት ዙሮች ይበቃል። ስለዚህ ሐሙስ ሆስፒታል ትገቢያለሽ፤ እኔም እመጣለሁ። ባለፈው አብሬሽ የመጣሁ ዕለት ሐኪሟ ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ጠርታ ያናገረችኝን ስትጠይቂኝ "ምንም አላለችም" ብዬሽ ነበር። እሱንም ቁጭ ብለን እናወራዋለን።

ፓኪ ሃምሳ ዩሮዬን ከፖስታው መዝዞ ሊመልስልኝ ነበር። "ተወው" አልኩት። እስከ ዛሬ ከሰጠሁሽ ሁሉ ውሸት ያልጨመርኩበት እሱ ብቻ ነው።

እግዚአብሔር ቀኑን ያቅልልሽ። የእናትሽ ነፍስ ከአልጋሽ አጠገብ አትራቅ።

አባትሽ ማላኪ

ልረሳው ነበር፦ ቀይዋ ላም ዛሬ ጠዋት ወለደች፣ ጥጃዋ ሴት ናት። ነገ ስትደውይ ስልኩን በበረቱ ሁሉ አዞርልሻለሁ። ባዶውንም እዪው።