የዳጎባችን ኖራ አዋቂ የአቶ ሂንባንዳ ዕረፍት

ሐሙስ፣ ጁን 5 ቀን

ይህ የኩምቡክዌዋ መንደር ዳጎባ ጠባቂዎች ማኅበር ለአባላቱና ለአካባቢው ሕዝብ የሚያወጣው የሀዘን መግለጫ ነው። ጸሐፊያችን ስለታመሙ መጻፉ ለእኔ ተሰጠ። እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ ስለማላውቅ፣ ስሕተት ካለ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ማኅበራችንን ሠላሳ አራት ዓመት ያገለገሉት አቶ ሂንባንዳ ራትናያካ ትናንት ማለዳ በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ከቤታቸው እስከ ዳጎባው ድረስ የሀዘን ምልክት የሆነውን ነጭ ባንዲራ ሰቅለናል። ሀዘናችን ከባድ ነው።

አኑራዳፑራ የነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ዘመን ከተሠሩት፣ የቡድሃ ቅርስ ካረፈባቸው ጉልላት መሰል የጡብ ዳጎባዎች ትልልቆቹ ብዙ ጠባቂ አላቸው። የእኛን ትንሹን ግን በየዓመቱ ከፖሶን ሙሉ ጨረቃ በዓል በፊት ኖራ እያስቀቡ ያቆዩልን እሳቸው ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1998 ከደረጃው ሥር የጠፋው፣ ዝሆንና ፈረስ የተቀረጸበት ግማሽ ክብ መርገጫ፣ የጨረቃ ድንጋዩ፣ በአንድ ጉድጓድ ውሃ አጠገብ ተደፍቶ የልብስ ማጠቢያ ሆኖ ተገኘ። አቶ ሂንባንዳ የጉድጓዱን ባለቤት ሴትዮ አልከሰሱም። «እህቴ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ልብስ ስትወቅጪበት ዝሆኑ አልጮኸብሽም?» ብለው አሳቋት፤ ሌላ ድንጋይ አምጥተው ለወጧት።

እ.ኤ.አ. በ2011 ኮሚቴው ዳጎባው በኖራ ፈንታ የሱቅ ቀለም ይቀባ ብሎ ወሰነ። እሳቸው «ለሠርግ ነው የምትቀቡት ወይስ ለዝናብ? ጡብ እንደ ሰው ያልበዋል፤ ላስቲክ ካለበሳችሁት ይበሰብሳል» አሉ። አልተሰሙም። በሁለተኛው ክረምት ቀለሙ የጡቡን ቆዳ ይዞ ወረደ። አምስት ወር ሙሉ ሲፍቁ «ብያችሁ ነበር» የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም።

ዘንድሮ እግራቸው ስለደከመ በኤፕሪል ወር ኖራውን ያበረዱት በእኔ እጅ ነው። ውሃውን ሳፈስበት «አንቺ ዝምተኛ፣ አዳምጪው እንጂ! መፍላቱን ሲተው ትከድኚዋለሽ» ይሉኝ ነበር። ኖራው ጡቡን እንዲይዝ የሚጨመረው የዛፍ ሙጫ መቼና ምን ያህል እንደሚገባም አሳይተውኛል። ኖራው አሁንም ከቤታቸው ጀርባ ባለው ጉድጓድ ውስጥ፣ በኮኮናት ቅጠል ተሸፍኖ አለ።

ቀቢዎች ቅዳሜ ይወጣሉ። ኮሚቴው ግን ኖራ የሚያዋህድ ሰው አልቀረም ብሎ የሱቅ ቀለም አስመጥቷል። ይህን ትናንት ማታ ሲወስኑ እዚያው ተቀምጬ ነበር፤ እኔ ማዋሃድ እንደምችል ግን አልነገርኳቸውም።

ማኅበራችን ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ፖዲመኒኬ፣ ለልጆቻቸውና አብረዋቸው መሰላል ለወጡ ቀቢዎች ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። ቀብራቸው ነገ ከሰዓት በኋላ ነው።

ከዚያ በፊት ጠዋት ኮሚቴው ይሰበሰባል። እኔም ከጉድጓዱ አንድ ባልዲ ኖራ ቀድቼ እሄዳለሁ። እንደማውቅ ተነሥቼ እነግራቸዋለሁ። ድምፄ እምቢ ካለኝ ባልዲውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ በፊታቸው አዋህደዋለሁ።

ኡዳሪ፣ ስለ ማኅበሩ