አያቴ ስለ መብራቱ እውነቱን ስለ ጻፉ ዜሮ ለሰጡኝ መምህር

ለክቡር ዶክተር ያሮን
በኮሌጁ የካልኩለስ አንድ መምህር
አሽዶድ

በቅድሚያ እንደምን ሰነበቱ? እርስዎ፣ ቤተሰብዎና ቀይ እስክሪብቶዎ በደኅና እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ በሮቫ ዩድ ቤት ሰፈር፣ ከእኔ ውጤት በቀር፣ ሁላችንም ደኅና ነን።

ገና በዐሥራ ሰባት ዓመቴ፣ ከትምህርት ቤት ጎን ለጎን ኮርስዎን እንድወስድ ስለ ፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ። ከሁሉ በላይ ግን ስለዚያች ፎርም አመሰግናለሁ። የቤት ሥራው በእጅ እንዲጻፍ፣ ከሥሩም አንድ የቤቱ አዋቂ «በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማንኛውንም መሣሪያ ሳትጠቀም ስትሠራ በዓይኔ አይቻለሁ» ብሎ እንዲፈርም አዘዋል። በሌላው ቤት እናት ድስቷን እያማሰለች፣ ዞር ሳትል ትፈርማለች። በእኛ ቤት የሚፈርሙት ግን አያቴ አቶ ባሕሩ ናቸው። እርሳቸው በሀገር ቤት ሽማግሌ ሆነው ስንቱን ያስታረቁ፣ ያላዩትን አየሁ የማይሉ፣ ያዩትንም የማይተዉ ሰው ናቸው። ስለዚህ አቤቱታዬን በትሕትና አቀርባለሁ፦

፩. በመጀመሪያው የቤት ሥራ አያቴ ወንበር ስበው ሦስት ሰዓት ሙሉ ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ደሪቫቲቭ ምን እንደ ሆነ አያውቁም፤ እኔም ብዙ አልበለጥኳቸውም። ስጨርስ በአማርኛ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ልጅቱ በእጇ ሠርታለች። ነገር ግን መብራቱ በርቶ ነበር። ማራገቢያውም ይዞር ነበር። ፍሪጁ ሁለት ጊዜ ጮኋል።» እርስዎም መሣሪያ መኖሩ በምስክር ተረጋግጧል ብለው ዜሮ ሰጡኝ። እንዲህ ያለ ፈጣን ፍርድ በየትኛውም ፍርድ ቤት አይገኝምና እግዜር ይስጥልኝ።

፪. ሁለተኛውን በረንዳ ላይ፣ በፀሐይ ሠራሁ። አያቴ አንድ ምስክር አይበቃም ብለው ጓደኛቸውን አቶ ውዱን ከሮቫ ሔት በአውቶቡስ አስመጡ። አቶ ውዱ ጆሯቸው ላይ በባትሪ የሚሠራ መስሚያ አለ። ይቆጠራል አይቆጠርም እያሉ ሁለቱ አንድ ሰዓት ተከራከሩና በመጨረሻ ወለቀ። ከዚያ በኋላ አቶ ውዱ በየደቂቃው «ምን አለች?» እያሉ ሲጮኹ ሊሚቱን ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ። እኔ ምንም አላልኩም ነበር።

፫. ሥራው ግን ንጹሕ ነበር። ምን ያደርጋል፣ በእጅ የተጻፈውን በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ በድረ ገጽ ላኩ ያሉንም እርስዎ ነዎት። አያቴ ስልኩን ሲያዩ ወረቀቱን ተቀብለው «አሁን በስልክ አነሣችው» የሚል ጨመሩ። የተጨመረበትን ደግሞ ማንሣት ግድ ሆነ፤ ሳነሣ እንደገና ጨመሩ። ወረቀቱ እስኪሞላ ስድስት ጊዜ ተመላለስን። እርስዎም ስልክ መኖሩ ስድስት ጊዜ ተመስክሯል ብለው ሁለተኛውን ዜሮ ሰጡኝ። ክፍል ውስጥ ስለ ማያልቅ ተከታታይ ሲያስረዱ ያልገባኝ ነገር ያን ዕለት ገባኝ። x ወደ ዜሮ እየተጠጋ ይሄዳል እንጂ አይደርስም ይሉናል፤ የእኔ ውጤት ሁለት ጊዜ ደርሷል።

በደንብዎ መሠረት ሦስተኛ ዜሮ ያገኘ ፈተና አይቀመጥም፤ ሦስተኛው የቤት ሥራ የሚገባው እሑድ ነው። አልደብቅዎትም፣ አያቴን አንዴ ብቻ ዝም ብለው ይፈርሙልኝ ብዬ ለምኛቸው ነበር። «ልጄ፣ ፈተናው በሁለት ሰዓት ያልቃል፤ ስሜ ግን ከኔው ጋር ነው የሚኖረው» አሉኝ። እንግዲህ እርሳቸውን ማሳመን ስላልቻልኩ እርስዎን እለምናለሁ፦ ሁለቱን ዜሮዎች ይሰርዙልኝ፤ አምፖል፣ ፍሪጅና ሽማግሌ እንደሚፈቀዱም በጽሑፍ ያሳውቁን።

ከሠላሳ ስምንት ተማሪዎችዎ መካከል በእውነት ምስክር ያላት ብቸኛዋ፣ በቀን ብርሃንና በላብ የጻፈችልዎ አክባሪዎ

ሺረል፣ የአቶ ባሕሩ የልጅ ልጅ

ስትጽፍ አይቻለሁ። ማራገቢያው ጠፍቶ ነበር። ባሕሩ

ማስታወሻ፦ አያቴ አንድ ጥያቄ አላቸው። የጻፉትን አማርኛ በስልክዎ አስተርጉመው እንዳረሙ በመልእክትዎ ነግረውን ነበር። ያን ጊዜ ከጎንዎ ተቀምጦ ያየዎት አዋቂ ማን ነው? ባዶ ፎርም አብሮ ተልኳልና አስፈርመው እስከ እሑድ ይመልሱልን። ሰው ካጡ አቶ ውዱ ፈቃደኛ ናቸው፤ መስሚያቸውን አውልቀው ይመጣሉ።