አባባ ካፒቴን የሆነበት ሐሙስ

ይድረስ ለእማዬ፣

እንዴት ነሽ? ወገብሽን ተሻለሽ? የሆቴሉ ሊፍት ተሠራ ወይስ አሁንም አንሶላውን ተሸክመሽ ደረጃ ትወጫለሽ? እኛ እዚህ ሞርካም ከተማ እንደምታውቂን ነን፤ ባሕሩ ይሄዳል ይመጣል፣ ዝናቡ ግን አይሄድም። እኔ ደህና ነኝ። ማለቴ አላመመኝም። ደህናስ አይደለሁም፤ ከትናንት ጀምሮ ልቤ ወደ ቦታዋ አልተመለሰችም።

ይሄን ደብዳቤ ባቡር ጣቢያ የሚሰጡሽ የአባባ የሥራ ጓደኛ እትዬ ሂልዳ ናቸው። እዛው ወንበር ላይ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። የምትጮኺውንም እዛው ጮኸሽ ጨርሺና ነይ። እኔም ጩኸት አላጣም፤ ሁለታችን አንድ ቤት ውስጥ ከጀመርን ጣሪያው አይችለንም።

ረቡዕ ዕለት መልእክትሽ ደረሰኝ። "ሽኝቱ ላይ አልደረስኩም፤ ቢያንስ የአባዬን አስከሬን አመድ በገዛ እጄ ባሕሩ ላይ ልበትነው። ቅዳሜ እመጣለሁ። አደራ፣ ማንም እንዳይነካው" ይላል። አነበብኩትና ደሜ ፈላ። ስድስት ዓመት ሙሉ አባትሽን አንድ ቀን "እንደምን አደርክ" ሳትዪው፣ "ማንም" እኔ ሆንኩ? ከትምህርት ቤት ወንበር ወርውሬ የወጣሁ ቀን "ነይ፣ እዚህ የሚወረወር ሞልቷል" ብሎ ሥራ ያስገባኝ እሱ ነው። ሾርባውን በማንኪያ ያጎረስኩት እኔ ነኝ። ልጣላሽ ብዬ አይደለም ይሄን የምጽፈው፤ የተናደድኩትን ካላወቅሽ የቀረው አይገባሽም ብዬ ነው።

የትርፍራፊ ቤቱን ሥራ መቼም አልረሳሽውም። ምንጣፍ ቤቱ የጣለውን የካርቶን ቱቦ፣ ማተሚያ ቤቱ ያበላሸውን ወረቀት፣ የልብስ ፋብሪካውን ብጣሽ ጨርቅ እንለቅማለን፤ ትምህርት ቤቶች መጥተው ለልጆች መጫወቻ ይወስዱታል። የአባባን ሕግም ታውቂያለሽ፤ የገባ ነገር ሁሉ የተለጠፈበት ወረቀት ይላጣል። "ስም ያለው ነገር አንድ ነገር ብቻ ነው። ስሙን ላጪለትና ልጆቹ የፈለጉትን ያድርጉት" ይል ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ስልጥ ጥፍሬ አለቀ። እጄ አሁን ሳላዝዘው ነው የሚልጠው።

ሐሙስ ጠዋት እንደዛ ተናድጄ ወረድኩ። መለያ ጠረጴዛው ላይ የምንጣፍ ቤቱ ቱቦዎች ተከምረዋል። ከመሀላቸው አንዱ አጠር ደንደን ያለ፣ ቡናማ፣ ክዳን ያለው ነበር። ላጥኩት። ከበደኝ፤ አሸዋ የሞሉበት መሰለኝና "ጥሩ፣ ሲነቀንቁት ይጮህላቸዋል" ብዬ ከሌሎቹ ጋር ጋሪው ላይ ወረወርኩት። አዎ፣ ወረወርኩት። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ መኪናው ጭኖ ወጣ፤ ወደ አንቺ የድሮ ትምህርት ቤት፣ እዛ ግቢ ውስጥ ወዳለው የመጫወቻ ኮንቴይነር።

ትንሽ ቆይተው እትዬ ሂልዳ ሁለት ኩባያ ሻይ ይዘው ከጓዳ ብቅ አሉ። ዓይናቸው አብጧል። ጠረጴዛውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ጠረጴዛውን አዩ።

"አያትሽን የት አደረግሽው?" አሉኝ።

"የት አደርገዋለሁ? ሞቷል እኮ!" አልኳቸው።

"መሞቱንማ መች አጣሁት፣ አንቺ ጅል! የቀብር አስፈጻሚው ሰውዬ ጠዋት አመዱን አምጥቶ ሰጠኝ፤ እዚች ጋ አስቀመጥኩት። ክዳን ያለው ቡናማ ቱቦ። ትንሽ ላልቅስ ብዬ ጓዳ ገባሁ እንጂ የት ሄድኩ!"

እማዬ፣ ክው አልኩ። ሻዩ ከእጃቸው አልወደቀም፤ እኔ ነኝ ወለሉ ላይ ዝርግት ያልኩት። እጄን አየሁት። ሙጫው ጣቴ ላይ ነበር።

በእሳቸው አሮጌ መኪና በረርን። እትዬ ሂልዳ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቀይ መብራት ጥሰው አያውቁም፤ ትናንት ሁለት ጣሱ፤ ሁለቱንም "ይቅርታ የኔ ጌታ፣ ይቅርታ" እያሉ። እኔ ደግሞ የማስበው አንድ ነገር ነው። ቅዳሜ ትመጫለሽ፣ እጅሽን ትዘረጊያለሽ፣ እኔ ባዶ እጄን ነኝ። ከአባትሽ የቀረሽ ያ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ለሰባት ዓመት ሕፃናት መጫወቻ ሰጥቼዋለሁ።

በሩ ላይ ያገኘናቸው ሚስስ ፐርሲቫልን ነው። አዎ፣ ያንቺ አስተማሪ፤ አሁን ዳይሬክተር ናቸው።

"ምን ጠፋባችሁ?" አሉ።

"አያቴ" አልኩ።

"አይ የኔ ልጅ፣ ሰማሁ እኮ። በጣም አዝኛለሁ።"

"ሞቶስ አይደል የጠፋው!" ብዬ ጮህኩባቸው። እትዬ ሂልዳ በጆሯቸው ሹክ ሲሏቸው እኚያ ቀይ ሴትዮ እንደ ጠመኔ ነጡ።

የምሳ እረፍት ነበር። ሁለት መቶ ልጅ ጭቃ ውስጥ ይራኮታል፤ ግማሹ ቱቦ ይዟል። ስሮጥ፣ ስገላመጥ፣ የስንቱን ልጅ ሰይፍ ነጥቄ መለስኩ መሰለሽ። መጨረሻ ላይ ግቢው መሀል አንድ መርከብ አየሁ። የሠሯት ከገመድ መጠቅለያ እንጨት፣ ከስፖንጅና ከመጋረጃ ነው፤ ከፊት ለፊቷ ደግሞ ያ ቡናማ ቱቦ ቆሟል። ሰማያዊ ጨርቅ አልብሰውታል። በወፍራም እስክሪብቶ ዓይንና ጺም ሥለውለታል። የወተት ጠርሙስ ክዳን ባርኔጣ ሆኖለታል።

ላነሳው እጄን ስሰድ አንዲት የፊት ጥርሶቿ የወለቁ ጩጬ መሀል ገባች። ስሟ ኔል ነው። "አትንኪው! ካፒቴኑ ነው! ከሁላችን ከባዱ እሱ ነው፤ እሱ ከወረደ መርከቧ ትገለበጣለች!"

"ስጪኝ፣ የኔ ነው!"

"ስምሽ አለበት?"

እማዬ፣ ስሜ የለበትም፤ የነበረበትንም ወረቀት እኔው ልጬዋለሁ።

ሚስስ ፐርሲቫል እጄን ያዙኝ። ኮንቴይነሩ ላይ የተጻፈውን በጣታቸው አሳዩኝ፤ የአባባ ጽሑፍ ነው። "ደወል ሳይደወል ትልቅ ሰው ከልጅ እጅ ምንም አይወስድም።" እትዬ ሂልዳም "የራሱ ሕግ ነው፣ ምን ይደረጋል?" አሉ። ቆምን። አያቴ በወተት ክዳን ባርኔጣ ባሕር ሲቀዝፍ፣ እኛ ሦስት ሴቶች እንደ ፖሊስ ዙሪያውን ቆመን እንጠብቃለን። አንቺ ብትሆኚ ትስቂ ነበር ወይስ ታለቅሺ? እኔ ሁለቱም አልመጡልኝም።

ከዛ ነው ወደ መሬት ያየሁት። ከመርከቧ ኋላ አስፋልቱ ላይ ቀጭን ግራጫ መስመር ተጠማዞ ተጠማዞ ይሄዳል።

"ይሄ ምንድነው?" አልኳት ኔልን።

"የመርከቧ መንገድ ነዋ። ካፒቴኑ ሆዱ ውስጥ ዱቄት አለው። ጠመኔው ስላለቀብን ነው፤ ትንሽ ነው ያፈሰስነው፤ እሱ ፈቅዶልናል።"

ልክ ያኔ ደወሉ ተደወለ። ሁለት መቶ ልጅ፣ አራት መቶ ጫማ፣ በቀጥታ ወደ አባትሽ! ዘልዬ መስመሩ ላይ ቆምኩ፤ እጄን ዘረጋሁ፤ ምን ብዬ እንደምጮህ ጠፋኝ። ኔል አየችኝ። ምን እንደገባት እንጃ፣ አጠገቤ መጥታ እሷም ትናንሽ እጆቿን ዘረጋችና "ባሕር ነው! እንዳትረግጡ፣ ባሕር ነው!" ብላ ለቀቀችው። ታምኛለሽ? አንድም ልጅ አልረገጠውም። ሁሉም እየዘለለ አለፈ። ትንንሾቹን ትልልቆቹ ተሸክመው አሻገሯቸው።

ኔል ስትገባ ካፒቴኑን አቅፋ አምጥታ ሰጠችኝ፤ "ነገ ይመጣል?" አለችኝ። "ሌላ መርከብ አለበት" አልኳት።

ከዛ ሦስታችን ተንበርክከን በወረቀትና በቀለም ብሩሽ ለቀምነው። ካፊያ ጀምሮ ነበር፤ ሁሉንም አላነሳነውም። አንድ እፍኝ የሚሆን እዛው ቀርቷል። ልዋሽሽ አልፈልግም። ያነሳነውም አመድ ብቻ አይደለም፤ ጠመኔ አለበት፣ የቢስኩት ፍርፋሪ አለበት፣ ልጆቹ የሚለጥፉት ብልጭልጭ አለበት። ሊለይ አልቻለም፤ እንዳለ መለስነው። ሚስስ ፐርሲቫል ጉልበታቸውን እያራገፉ፣ "እናትሽ ጓደኛ አልነበራትም፤ አባቷ የመጀመሪያውን ካርቶን ተሸክሞ ወደዚህ ግቢ የመጣው ለእሷ ብሎ ነው። ከዛ ወዲያ ነው ሁሉም ልጅ የለመደው" አሉኝ። ይሄን ለምን አልነገርሽኝም? እሱም አልነገረኝም። ሁለታችሁም አፋችሁን በክዳን የዘጋችሁ ናችሁ።

አሁን ድሮ በምትተኚበት ክፍል መደርደሪያው ላይ ነው። ዓይኑንና ጺሙን አላጠፋሁትም፤ እትዬ ሂልዳ ከድሮ ፎቶው ይሻላል ብለዋል። ስትበትኚው ብልጭ ካለ አትደንግጪ።

አንድ ነገር ቀረኝ። የላጥነውን ወረቀት ሁሉ ቅርጫት ውስጥ እንደምንጥል ታውቂያለሽ፤ የሐሙሱን ቅርጫት ደግሞ ቆሻሻ መኪናው እኛ ሳንመለስ ወስዶታል። ከአባባ ቱቦ ላይ የላጥኩት ግን ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ተጨብጦ ነበር። ከደብዳቤው ጋር ታገኚዋለሽ። ሆስፒታል ሳለ በራሱ እጅ የሞላው ነው፤ ጽሑፉን ከሩቅም ብታዪው አትስቺውም። "ተረካቢ" በሚለው ቦታ ያንቺ ስም አለ። ከሥሩ "ብትዘገይም ጠብቁላት" ይላል።

ሁሉንም ቅርጫት ውስጥ የምትጥል እጅ ይሄን ብቻ ለምን ኪሴ እንደከተተች አትጠይቂኝ። እሺ፣ ጠይቂኝ፤ ግን ቤት ስትደርሺ።

እኔ ልመልሰው ነበር፤ የላጠች እጅ ትለጥፍ ብዬ። ከዛ ተውኩት፤ አንቺ ለጥፊው። ሙጫው አሁንም ይይዛል።

ባሕሩ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ይመለሳል፤ እንዳያመልጥሽ። እግርሽን ከእንቅፋት፣ ባቡርሽን ከመዘግየት ይጠብቅልሽ። ሻንጣሽ ከባድ ከሆነ ጣቢያው በር ላይ ነኝ፤ ደብዳቤውን ጨርሰሽ ቀና በይ፣ ታዪኛለሽ።

ልጅሽ