ከበር የመለሰችኝ ታደለች

ሰኞ

ታደለች ዛሬ ከበር መለሰችኝ። እኔን! ጥበቃነትን ያስተማርኳትን ሰው። በጽዳት ሠራተኞቹና በአላፊ አግዳሚው ፊት፣ "ጋሼ፣ ባጅዎ ትናንት ቀኑ አልፎበታል፤ አላስገባዎትም" አለችኝ።

እውነት ነው፣ አልፎበታል። ኤጀንሲያችን ለዚህ የመንግሥት ግቢ ጥበቃና ጽዳት ያቀርባል። የእያንዳንዱን ሠራተኛ አሻራ፣ የቀበሌ መታወቂያና ዋስ የማጣራው እኔ ነኝ። ባጅ የምሰጠውም የምነጥቀውም እኔ። የሌላውን ቀን ስጠብቅ የራሴ አመለጠኝ።

የኤጀንሲያችን ሥራ አስኪያጅ ደውሎ "አስገቢው፣ አዝዣለሁ" አላት። "በጽሑፍ ይላኩልኝ" ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ዝናብ ጀመረ። የራሷን ፕላስቲክ ወንበር አውጥታ ከበሩ ውጭ አስቀመጠችልኝ፤ ጃንጥላዋንም ሰጠችኝ። አልተቀመጥኩም። ጃንጥላውን ግን ያዝኩ፤ ሳል አለብኝ።

ማክሰኞ

ባጄን ለማሳደስ አሻራ ሰጠሁ። ፖሊሱ ጣቴን ይዞ "አባት፣ ዘና ይበሉ፣ አናስርዎትም" ብሎ ሳቀ። አልሳቅኩም።

የቀበሌው ደብዳቤ ወጣ። የቀረኝ ዋስ ነው። የድሮው ዋሴ ጡረታ ወጥቷል። ደንባችን ዋስ ደመወዝተኛ ይሁን፣ ዘመድ አይሁን፣ ከኤጀንሲው ውጭ ይሥራ ይላል። ዘመድ አይሁን የሚለውን ያስገባሁት እኔ ነኝ። አሁን ሳስበው የማውቀው ደመወዝተኛ ሁሉ ወይ ዘመዴ ነው፣ ወይ አንድ ቀን ባጅ የከለከልኩት ነው።

ከሰዓት ሥራ አስኪያጁ ፈለገኝ። ግቢ ስለማልገባ ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ተገናኘን። አንድ ክስ ጽፎ መጥቷል። ታደለች ትእዛዝ ባለመቀበልና አለቃዋን በማዋረድ ትሰናበት ይላል። ተበዳዩ እኔ ስለሆንኩ ያለ ፊርማዬ አይሄድም። "ለርስዎ ክብር ብዬ ነው፣ ጋሽ ወልዴ። እስከ ዓርብ ያስቡበት" አለኝ።

አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ክብሬ ተነክቷል። ብፈርም ማን ይፈርድብኛል?

ረቡዕ

ለባለቤቴ ለአልማዝ ነገርኳት። ቆጮውን ፊቴ አስቀምጣ ከት ብላ ሳቀች። "አንተ ሰውዬ፣ ባጅ የሌለውን አባታችሁም ቢሆን መልሱት እያልክ አይደል ያሠለጠንካቸው? ልጅቷ ምን ታድርግ? ሽበትህን አይታ ታሳልፍህ?"

ቆጮዬን ቆረስኩ። ቆየት ብላ፣ ሳትስቅ፣ "እናቷን የምታሳክመው በዚያ ደመወዝ ነው" አለች።

እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የቆጠርኩት ብቻዬን ነው። ደንቡንም በእጄ ገልብጬ ነው ያጠናሁት። ካሠለጠንኳቸው ውስጥ በቃሏ የያዘችው ታደለች ብቻ ነች። መጀመሪያ ስትመጣ ከጪጩ መንደር በእግሯ፣ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ነበር። ቆማ ጥያቄ ስታበዛብኝ ተቆጣኋት። አልተመለሰችም፤ ጠየቀችኝ።

ደግሞ በቅርቡ "ጋሼ፣ የርስዎም ባጅ እየደረሰ ነው" ብላኝ ነበር። "የራስሽን ጠብቂ" አልኳት። ይህን ለአልማዝ አልነገርኳትም።

ሐሙስ

የአሻራው ውጤት መጣ። ንጹሕ ነኝ። አልማዝ "እኔን ሳይጠይቁ እንዴት አወቁ?" አለች።

በበሩ በኩል አለፍኩ። ወንበሩ ዛሬም ውጭ ነው። ታደለች "ጋሼ፣ ሳልዎ እንዴት ነው?" አለች። "ደኅና" አልኩና ተቀመጥኩ። ባጃጆቹ ሲያልፉ አየን።

"ዋስ አገኙ?"

"አላገኘሁም።"

"ባለቤቴ አለ። ፍስሐ ገነት ከተማ ነው የሚያስተምረው። ደመወዝተኛ ነው፣ ዘመድዎ አይደለም፣ ከኤጀንሲው ውጭ ነው።"

ደንቡን ለእኔው መልሳ!

"ሳያውቀኝ ለምን ይዋሰኛል?"

"ማታ ማታ እርስዎን ሳማለት ነው የማመሸው፤ ከማንም በላይ ያውቅዎታል።"

ስለ ክሱ አልሰማችም። ፊቷን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ባሏ ከፈረመልኝ በኋላ ክሱን ብመልስ ደግሞ "ተገዛ" እባላለሁ። በቅድሚያ ክሱ ማለቅ አለበት።

ዓርብ

እዚያው ሻይ ቤት ክሱን መለስኩ። ግርጌው ላይ "ታደለች ሥርዓት ጠብቃለች። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቅጣት ካለም ለእኔ" ብዬ ፈረምኩበት።

ሥራ አስኪያጁ ፊቱ ተለዋወጠ። "የእኔ ትእዛዝስ? በጥበቃ መናቄ ነው?"

"በጽሑፍ ብትልክላት ኖሮ ትታዘዝህ ነበር" አልኩት።

ብዙ አጉረመረመ። "ጉዳዩ ተዘግቷል" ብሎ ጽፎ ማኅተም አስመጥቶ እስኪመታበት ድረስ ከወንበሬ አልተነሳሁም። ሻዬ ቀዘቀዘ።

ባሏን ያስጠራሁት ከዚያ በኋላ ነው። በሚኒባስ መጣ። ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ከመፈረሙ በፊት ፊቴን ትክ ብሎ አየና "ልክ እንዳለችው ነዎት" አለ። ምን እንዳለች አልጠየቅኩም።

ሰኞ

አዲሱን ባጅ አንጠልጥዬ ሄድኩ። ታደለች ተቀብላ ፊቱን አየች፣ ጀርባውን አየች፣ ቀኑን በጣቷ ተከተለች። ከዚያ አንዴ ፎቶውን፣ አንዴ እኔን። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል።

"ምን ቀረሽ?"

"ፎቶው ላይ ትንሽ የሳቁ መሰለኝ፣ ጋሼ። ሌላ ሰው እንዳይሆን ብዬ ነው።"

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። በሩን ከፈተችልኝ። ወንበሯን ራሴ አንስቼ ወደ ውስጥ አስገባሁላት።

ቢሮዬ ግድግዳ ላይ የሷ ባጅ የሚያልፍበትን ቀን ጻፍኩ፤ የእኔንም ከጎኑ። ቀኑን ሙሉ አንዱ ሲወጣ ሌላው እየገባ "ጋሽ ወልዴ፣ በሩ ላይ ምን ተፈጥሮ ነው?" ሲለኝ ዋለ። ሥራ አለብኝ አልኩ።

ስለዚህ ነገር ከዛሬ ወዲያ አላወራም፤ እዚህም አልጽፍም። ማንም ቢጠይቀኝ። አልማዝም ብትሆን።